ደኑ ውስጥ ወራጅ አለ

ልጄ «እማዬ» ከማለት ቀጥሎ አጥርታ የተናገረችው «ወራጅ አለ!» የሚለውን ነው። አምስት ዓመቷ ነበር። ከሲ.ኤም.ሲ ወደ መገናኛ በሚኒባስ እየሄድን ጭኔ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሰውዬ መውረጃው ሊያልፈው ሲል «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። መኪናው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰውዬው ወረደ። ልጄ ይህን ሁሉ በዝምታ ስታይ ቆየችና ሹፌሩ ማርሽ አስገብቶ ሲነሣ፣ «ወራጅ አለ!» አለች። ሹፌሩ እንደገና ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «እናት፣ ትወርጃለሽ አትወርጂም?» እያለ ይነጫነጫል፤ እኔ ግን እያለቀስኩ ስለነበር መልስ አልሰጠሁትም። ሐኪሞቹ ላትናገር ትችላለች ብለውኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቃል የሁሉም በር መክፈቻ ሆነላት። ሹሩባ ስትሠራ ጭንቅላቷን ካመማት «ወራጅ አለ»። የጎረቤት ሙዚቃ ከበዛባት «ወራጅ አለ»። የሹራብ አንገት ሲኮሰኩሳትም እንደዚያው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ስብከቱ መሐል ላይ፣ ምእመኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት ቃሉን ለቀቀችው። ሰባኪው ደንግጠው ቆሙ። እውነቱን ለመናገር ስብከቱ ረዝሞ ነበር፤ ከኋላ አፋቸውን በነጠላ ይዘው የሳቁትም ልጄን የደገፉ ይመስለኛል። እኔ ግን አፍሬ እጇን ጎትቼ ወጣሁ።

ቁጡ ሰው ነኝ። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ምላሷ ከእግሯ ይፈጥናል» ይሉኛል፣ አይሳሳቱም። ስለ ልጄ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ምላስ ይታሰር ነበር። እናቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያለች አሳድጋኛለች። ሐኪሙ «ኦቲዝም ነው» ካለኝ ቀን ጀምሮ ይህን ተረት እንደ ሕግ ያዝኩት። ለሰው «ዝምተኛ ናት» እላለሁ፤ ሲብስ «ዓይናፋር ናት» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የጠየቀኝን አኮርፈዋለሁ።

ስምንት ዓመት ሲሞላት ደግሞ እንጦጦ ወስጄ ጸበል አስጠመቅኳት። እናቴ ናት የጎተጎተችኝ እያልኩ ብዙ ጊዜ አሳብቤያለሁ፤ የወሰድኳት ግን እኔ ነኝ፣ ልብሷንም ያወለቅኩት እኔው። ማለዳ ነው፤ የተራራው ብርድ አጥንት ይገባል። የመጀመሪያው ውኃ ራሷ ላይ ሲወርድ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ዙሪያችን የነበሩት ሰዎች «ለፈለፈ! ሊወጣ ነው!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ውኃው ተጨመረ። እሷም ጮኸች። በጮኸች ቁጥር ሰይጣኑ እየተሸነፈ ነው ተብሎ ይጨመራል። አውርዱኝ እያለች ነበር። የሷን ቋንቋ የማውቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም በሩን አልከፈትኩላትም። ጸበሉን አላማም፤ ዛሬም በጀሪካን አስመጥቼ እጠጣለሁ። የማማው ራሴን ነው።

ከዚያ በኋላ ከሰፈራችን ሆና ተራራውን ስታይ እንኳ ጆሮዋን በሁለት እጇ ትደፍን ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ከትምህርት በኋላ የት እንደማውላት ጨነቀኝ። የሥዕል ክፍል ሞክረን ቀለሞቹን በሙሉ በመስመር ደርድራ ማንም እንዳይነካቸው ስለከለከለች «ሌላ ቦታ ይሻላታል» ተባልን። መዝሙርም ሞከርን፤ ከበሮው ሲመታ ሮጣ ወጣች። ቤት ስትውል የሕንፃውን ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሮጠዋለች፤ ስትደክም አይቼ አላውቅም። የታችኛው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እየቆረቆረ ተቃውሞውን ያሰማል። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ፤ የታዳጊዎች የሩጫ ፕሮጀክት ልጆች ይመዘግባል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት መገናኛ ተሰብስበው በኮንትራት ሚኒባስ እንጦጦ ደን ይሄዳሉ።

እንጦጦ የሚለውን ሳነብ ልመለስ ዞርኩ። የጎረቤቴን መጥረጊያ ሳስታውስ ግን አስመዘገብኳት።

አሰልጣኙ ሃምሳዎቹን የያዙ የቀድሞ ሯጭ ናቸው፤ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ ያለ ግን ነፍተውት የማያውቁ። ደን ውስጥ ፊሽካ ነውር ነው ባይ ናቸው። «ሕመም አለባት? አስም? ልብ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ምንም የለባትም» አልኩ። «ዝምተኛ ናት እንጂ።»

ውሸቱ አልበቃኝም። የመጀመሪያው ቀን ከቤት ስንወጣ ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ፣ «እዚያ ‹ወራጅ አለ› አይባልም። እሺ?» አልኳት። ጫማዬን እያየች ቆየችና «አይባልም» አለች። ልጄ ቃል ከሰጠች አታጥፍም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ግን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ለተራራው ፍርሃቷ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። በካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፍኩላት፦ መገናኛ። ሚኒባስ። ዛፍ። ሩጫ። ሙዝ። ቤት። ከሥሩ ደግሞ፦ ጸበል የለም። መንገዱን በሙሉ ጣቷን የመጨረሻው መስመር ላይ ተጭና ተጓዘች። ስንደርስ እውነትም ጸበል የለም፤ ዛፍ አለ። ካርቶኑን አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ከሚኒባሱ ወረደች።

የደኑን ሩጫ ሥርዓት ያወቅኩት ያኔ ነው። ልጆቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን አይሮጡም። አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ የፊተኛው እግር ካረፈበት እግሩን እያሳረፈ፣ በባሕር ዛፎቹ መሐል ይጠማዘዛሉ። መሪው ወደ ግራ ካለ ሁሉም ወደ ግራ ነው። መሪን መቅደም ብልግና ነው። መሪነቱም በተራ ይደርሳል፤ ገና ጀማሪ ከሆንክ ግን መጀመሪያ መከተል ትማራለህ። ብዙውን ጊዜ የምትመራቸው የቡድኑ አለቃ ናት፤ ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብለው የሚኖሩ ገበሬዎች ልጅ፣ የአሥራ አራት ዓመት ቀልደኛ። ሚኒባስ አያስፈልጋትም፤ ከቤቷ በእግሯ መጥታ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ከተሜዎች፣ ዛሬም አረፈዳችሁ» ትለናለች።

መስመሩ ለልጄ የተሠራ ይመስል ነበር። ዓይን ማየት አይጠበቅባትም፣ ወሬ የለም፤ ከፊቷ ያለውን ተረከዝ ማየት ብቻ ነው። እኔ ከሚኒባሱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሁለት ሳምንት እንደዚህ አለፈ። እያንዳንዱን ቀን ፊቷ ቀልቶ፣ ሙዟን እየላጠች ስትመጣ ሳያት «ተመስገን፣ ማንም አላወቀብንም» እያልኩ እደሰት ነበር። እንግዲህ ደስታዬ እሱ ነበር፤ አለመታወቃችን።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ደኑ ውስጥ ዛፍ ይቆርጡ ነበር። መስመሩ ጉብታውን እንደዞረ የሞተር መጋዝ ድንገት ተነሣ። ልጄ ባለችበት ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላዋ የነበሩት ስድስት ልጆች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረቡ፤ በቀጥታ ይከተላት የነበረው ልጅ ግንድ ላይ ወድቆ ከንፈሩ ተሰነጠቀ።

መገናኛ ስንደርስ የልጁ እናት ከባቡሩ ድልድይ ሥር ትጠብቀን ነበር። አንድ ልጇ ነው፤ ከንፈሩን አይታ አበደች።

«ልጅሽ ጤነኛ አይደለችም!» አለችኝ። «እያወቅሽ ነው ሰው መሐል የጨመርሻት!»

እኔስ መቼ እተኛለሁ። «ያንቺ ልጅ ዓይን የለውም? ፊቱን አያይም?» አልኩ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፈውም። ሰው ከበበን። ወደ ሲ.ኤም.ሲ የሚጠሩት ረዳቶች እንኳ ጥሪያቸውን ትተው ያዩናል። አሰልጣኙ መሐላችን ገብተው «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይላሉ።

ለሚቀጥለው ስድብ አየር ስስብ ዓይኔ ልጄ ላይ አረፈ። ጆሮዋን ደፍና ምሰሶው ሥር ቁጢጥ ብላለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ቀረብ ብዬ አየሁት። ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ። ድምፅ አልባ፣ ደጋግማ። ደኑ ውስጥም ልትጮኸው ነበር። ጮኻ ቢሆን ኖሮ ከኋላዋ ያሉት ይሰሙ፣ ይቆሙ ነበር። አይባልም ብያታለሁ፤ እሷም ቃሏን ጠብቃለች። የልጁን ከንፈር የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ።

ምላሴ ያኔ ከዳኝ። አጠገቧ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ኦቲዝም አለባት» አልኩ። «ደብቄያችሁ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የልጁ እናት የልጇን እጅ ይዛ ወደ ኋላ አለች። የከበበን ሰው ጠብ እንደሌለ ሲያይ ተበተነ። አሰልጣኙ ቁጢጥ ብለው፣ «እህቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አሉኝ።

«በሽታ አይደለም» አልኩ፤ ቁጣው ተመልሶልኝ።

«ተረቱን ነው ያልኩሽ። አስም ብትነግሪኝ ኖሮ ዳገት ላይ አላስሮጣትም ነበር። ይሄንንም ብትነግሪኝ አንድ ነገር እናደርግ ነበር።» ተነሡ። «እንግዲህ ሰኞ አምጫት። ሰው ሳይወድቅ ከሮጠች ትቀጥላለች። ሁለተኛ ሰው ከወደቀ ግን የወላጆቹን አፍ አልችለውም፤ ላስቀራት ነው።»

እስከ ሰኞ ሁለት ቀን ነበረኝ። የዘጋሁትን አፍ መክፈት አለብኝ። ቅዳሜ ጠዋት «ወራጅ አለ ይባላል» አልኳት። «አይባልም» አለች። «ተሳስቼ ነው፣ ይባላል።» «አይባልም።» ቃል ቃል ነው። በንግግር ብቻ እንደማይሆን ሲገባኝ ወደ ሚኒባስ ወሰድኳት። ከሲ.ኤም.ሲ ተሳፈርን፤ ትንሽ እንደሄድን እኔ ራሴ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ወረድን። ሌላ ተሳፈርን። ጮህኩ። ወረድን። መገናኛ ደርሰን ተመለስን፤ እንደገና ሄድን። አንዱ ረዳት ሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘን «እናት፣ የጠፋ ዕቃ አለሽ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ እየፈለግኩት ነው» አልኩት። ልጄ በር በሩን ታያለች፤ እኔ ስጮህ ይከፈታል፣ ሁልጊዜ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ድምፄ ሊዘጋ ሲል፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ከጎኔ «ወራጅ አለ!» የሚል ሰማሁ። ረዳቱን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሰኞ ከሚኒባሱ እንደወረድን ልጆቹን ሰበሰብኳቸው። ለሰው ለማስረዳት ልምዱ የለኝም። «ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ያማታል፣ እውነተኛ ሕመም ነው» አልኳቸው። «መቆም ስትፈልግ ‹ወራጅ አለ› ትላለች። ስትሰሙ ለኋላው አቀብሉና ቁሙ። እሷ ስትረጋጋ ትቀጥላላችሁ።»

ልጆቹ ሳቁ። ደሜ መፍላት ጀመረ፤ ሳቃቸው ግን ሌላ ነበር። አለቃዋ «ታዲያ ስንነሣ ምን እንበል? ‹ሳበው› ነዋ!» አለች። ከንፈሩ ያበጠው ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «እኔ ከኋላዋ ነኝ፣ ረዳቱ እኔ ነኝ» አለ።

አሰልጣኙ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ። «ደን ውስጥ ጩኸት የለም። ስንት ዓመት በዝምታ ስንሮጥ?»

«አሰልጣኝ፣ ከምንወድቅ ብንጮህ አይሻልም?» አለቻቸው አለቃዋ።

አሰልጣኙ እጃቸውን ወደ ዛፎቹ ወረወሩ። ልጆቹ ገቡ።

ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። ተቀመጥኩ። የልጁ እናትም መጥታ ነበር፤ ሚኒባሱን ተደግፋ ቆማለች፤ ሰላም አልተባባልንም። የእግራቸው ኮቴ ራቀና ጠፋ። ከዚያ መጋዙ ተነሣ። ሁለታችንም ወደ ደኑ ዞርን። እኔ እጄን ነክሼ ነበር።

ከዛፎቹ መሐል አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ወራጅ አለ!» ወዲያው ጎርነን ያለ የወንድ ልጅ ድምፅ፣ «ወራጅ አለ!» ሌላ ተቀበለ፣ ሌላ ደገመ፤ ቃሉ እስከ መስመሩ ጫፍ ተጓዘ። ከዚያ ዝም አለ። መጋዙ ጮኸ፣ ቆየ፣ ጠፋ። በመጨረሻ ያቺው ቀጭን ድምፅ «ሳበው!» አለች፤ አሥራ አንዱ ልጆች በአንድነት «ሳበው!» ብለው እየሳቁ ተነሡ።

እልልታዬን ለቀቅኩት። የልጁ እናት ቀድማኝ ይሁን ተከትላኝ አላውቅም፣ እሷም ታቀልጠው ነበር። አሰልጣኙ ከሩቅ «እልልታም የለም!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ግን ይስቅ ነበር። ልጆቹ ሲመለሱ ማንም አልወደቀም፤ የሁሉንም ጉልበት በዓይኔ ቆጠርኩ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ የቡድኑ ሆነ። የጫማ ክሩ የተፈታ «ወራጅ አለ» ይላል። ጎኑን የወጋው፣ ሽንቱ የመጣበት፣ ሁሉም። አለቃዋ አንዳንዴ ተራራው ላይ ቆማ «መገናኛ፣ መገናኛ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያለች ትጠራቸዋለች፤ ልጄ በዚያ ትስቃለች፣ በሳቋም ሁሉም ይስቃሉ። ክረምት ሊገባ ሲል አሰልጣኙ ራሳቸው ዳገት ላይ ጉልበታቸውን ይዘው «ወራጅ አለ» ማለታቸውን ልጆቹ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። የልጁ እናት ደግሞ ከራሷ ልጅ ሙዝ ጋር አንድ ሁልጊዜ ትጨምራለች፤ ልጄ ጥቁር ነጥብ ያለበትን እንደማትበላ አጥንታ ንጹሑን ትመርጥላታለች። እኔና እሷ እስከ ዛሬ የዚያን ቀን ስድባችንን እያነሣን እንሳሳቃለን። የሷ ይብስ ነበር።

የመሪነት ተራ ለልጄ የደረሰው ክረምቱ አልፎ ደኑ እንደገና ሲደርቅ ነው። አሰልጣኙ «ወላጆችም ተሰለፉ፣ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይብቃ» ብለው አዘዙ። መጨረሻ ላይ ቆምኩ፤ ከፊቴ የልጁ እናት ናት። ከፊት፣ ሩቅ፣ የልጄ ቢጫ ሹራብ ይታየኛል። ማንንም ሳታይ «ሳበው!» አለችና ተነሣን።

ቀስ ብላ ነበር የምትሮጠው፤ ለኔ ግን አልቀለለኝም። ግራ ስትል አሥራ ስድስት ሰው ግራ ይላል፣ ቀኝ ስትል ቀኝ። ዕድሜዋን ሙሉ እጇን ይዤ የጎተትኳትን ልጅ አሁን እግሯ ያረፈበትን እየፈለግኩ እከተላለሁ። ከዛፎቹ ስንወጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ላይ ደረስን። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ከጸበል ይወርዳሉ። መንገዱን አወቅኩት፤ እሷም እንዳወቀችው አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እጇ ወደ ጆሮዋ ተነሣ። እጇ ጆሮዋ ጋ ሳይደርስ ወረደ። መንገዱን አቋርጣ፣ ሰዎቹን አልፋ፣ ማዶ ካሉት ዛፎች ገባች፤ መስመሩ በሙሉ ተከትሏት ገባ።

ኩራትና ዳገት አንድ ላይ አይቻሉም። ከዛፎቹ እንደገባን ዓይኔ በእንባ ጨለመ፣ ሳንባዬም እንቢ አለ። ስንት ዓመት ያፈርኩበትን ቃል ባለኝ ትንፋሽ ጮህኩት። «ወራጅ አለ!»

የልጁ እናት ተቀበለችኝ፣ «ወራጅ አለ!»። ከሷ ፊት ያለው ተቀበለ፣ ከዚያ ረዳቱ፣ ከዚያ አለቃዋ፤ ቃሌ ከአፍ ወደ አፍ ዳገቱን ወጣ። መስመሩ ቆመ። መሪ ቦታውን አይለቅም፣ ሥርዓቱ እሱ ነው። ልጄ ግን ለቀቀች። አንድ በአንድ እያለፈቻቸው ወርዳ፣ እኔ ጉልበቴን ይዤ ካጎነበስኩበት መጣችና ጫማዬን እያየች ቆመች።

«እማዬ፣ ትወርጃለሽ?»

«አልወርድም» አልኳት።

ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀችኝ። አላቻኮለችኝም፣ አልነካችኝም፣ ሌላ ሰውም እንዲያቻኩለኝ አልፈቀደችም። ቀና ስል ዞራ ወደ ፊት ሄደች፤ ቦታዋን ያዘች።

«ሳበው!» አለች፤ ተከተልናት።